የአቶ ኢተፋ ቀይ ቀለም

አቶ ኢተፋ ገለታ መሞታቸውን የሰማሁት በሉማሜ ገበያ፣ ከሐጂ ሰይድ አፍ ነው። ሐጂ ሰይድ ጨርቅ የሚነግዱ የሞጣ ሰው ናቸው፤ አቶ ኢተፋ በሞጣ መምህር በነበሩበት ዘመን ከመደብራቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ያከራዩአቸው እሳቸው ነበሩ። እኔ አሁን በማስተምርበት በሉማሜ አልፎ አልፎ ለንግድ ብቅ ይላሉ። በዚያን ቀን አቡጀዲ እየለኩ ሳሉ አዩኝና ክንዳቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ ጠሩኝ።

«መምህር፣ ና እስቲ። ወዳጅህ አረፈ።»

«የትኛው ወዳጄ?»

«ኢተፋ ነዋ። ነቀምቴ፣ እናቱ ቤት። ሾፌሮች ናቸው የነገሩኝ። ሳምባው ነው አሉ።» ጨርቁን ቀደው ለገዢው ሰጡ። «እንደ እሱ ያለ ተከራይ አላየሁም። ልጆቼ ማታ ማታ ‹ተረት ንገረን› ይሉታል። እሱ ደግሞ ተረቱን ከመጀመሩ በፊት፣ ‹ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ አክስቴ ከጎረቤቷ ሰምታ ነው፤ ጎረቤቷም ከባሏ እናት…› ሲል ልጆቹ እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል። አንድም ተረት አልሰሙም እኮ። አላህ ይዘንለት።»

ሣቅን፤ ወዲያውም ስለ ሙት እየተነጋገርን መሆናችን ትዝ አለን።

ስለ አቶ ኢተፋ ለመጻፍ የተነሣሁት ስላዘንሁ ብቻ አይደለም። በብቸና ዛሬም ቢሆን ስማቸው ሲነሣ፣ «ያ የሙት ሰው ዘፈን የእኔ ነው ያለው መምህር» የሚሉ አሉ። ነገሩ ሲሆን ከአጠገባቸው ነበርሁ። የሆነውም እንዲህ ነው።

አቶ ኢተፋ ረጅም፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው ነበሩ። ዜማ ሲያዳምጡ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የማያውቃቸው ሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስለው ነበር። ተወልደው ያደጉት ወለጋ ነው። በልጅነታቸው በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙርን በኖታ ማንበብና መጻፍ ተምረዋል። ሞጣ የመጡት ግን ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ነበር። የእምነታቸው ነገር በከተማው ትንሽ አስወርቶ ነበር፤ ኋላ ግን ሰው ሲያያቸው ከትምህርት ቤትና ከሐጂ ሰይድ ግቢ በቀር የትም የማይደርሱ፣ ማንንም የማያስቀይሙ ሆነው ስላገኛቸው ተወው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው ብልህ ነገር ሲናገር፣ ወይም ቀልድ ሲያመጣ፣ ወይም ያማረ ዜማ ሲያንጎራጉር፣ አቶ ኢተፋ ቀና ብለው «የማን ነው?» ይላሉ። ሊያሳጡ አልነበረም፤ በእውነት ማወቅ ስለሚፈልጉ ነበር። እኔ አማርኛ በማስተምርበት በብቸና ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጡ የመምህራን ክፍሉ በዚህ ይቀልድባቸው ነበር። የሒሳብ መምህሩ በመስኮት እያየ፣ «አቶ ኢተፋ፣ ዛሬ ዝናብ የሚመጣ ይመስለኛል» ይላል። እሳቸው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሌላው፣ «የማን ነው?» ብሎ ይቀድማቸዋል። የሒሳብ መምህሩም «የእግዜር» ሲል ሁላችን እንሥቃለን። አቶ ኢተፋም አብረውን ይሥቁና፣ «ይህችኛዋን እንኳ አውቄያት ነበር» ይላሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ብቸና ያመጣቸው የአቶ አየነው ካሴ ሥራ ነው።

አቶ አየነው የብቸና ልጅ ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው፣ ኋላ አዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ ተምረው፣ ወደ ተወለዱበት ከተማ በመምህርነት ተመለሱ። ሁለቱ ሰዎች የተዋወቁት ደብረ ማርቆስ በተሰጠ የክረምት የመምህራን ትምህርት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሞጣ ሌላው ብቸና ሆነው፣ የጭነት መኪና ባገኙ ቁጥር ይጠያየቁ ነበር። አቶ አየነው ኦፔራ መጻፍ መጀመራቸውን በብቸና የማያውቅ አልነበረም። ኦፔራ ሰዎቹ ሁሉን ነገር በዜማ የሚነጋገሩበት ተውኔት እንደ ሆነ ሲነገራቸው የከተማው ሰዎች፣ «ውኃ ስጡኝ ለማለትም ይዘፈናል?» ብለው ጠየቁ። አቶ አየነውም፣ «አዎ፣ ውኃው የለም ለማለትም ይዘፈናል» ብለው መለሱ።

ታሪኩ ግን የሚያሥቅ አልነበረም። አንድ ወጣት በወሰን ጠብ የጎረቤቱን ልጅ ገደለ፤ ሸሽቶ ቆላ ወረደ። ከዓመታት በኋላ ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ተነሡ፤ በአገሩ ወግ መሠረት ገዳዩ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ በሟች እናት ፊት ተደፋ። ሽማግሌዎቹ ይለምናሉ። እናቲቱ ከመቀመጫዋ ተነሣች። አቶ አየነው እዚህ ላይ እንደ ደረሱ ታመሙ፤ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሰንብተው አረፉ። እናቲቱ የምትመልሰው ሳይጻፍ ቀረ።

ተዝካሩ በወጣ ማግስት ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ አቶ ኢተፋን ቤታቸው አስጠሩ። እኔም አብሬ ሄድሁ። ወይዘሮ አትጠገብ በጥቁር ልብስ ላይ ነጠላ ደርበው ተቀምጠው ነበር። ወረቀቶቹን በጨርቅ ጠቅልለው አቀረቡላቸው።

«ኖታ የሚያነብ በዚህ አገር ከእርስዎ በቀር የለም አሉኝ» አሉ። «ይጨርሱት። ትምህርት ቤቱም ለዓመቱ መዝጊያ ሊያሳየው ይፈልጋል። ግን አንድ ቃል ይግቡልኝ።»

«ይዘዙኝ፣ ወይዘሮ አትጠገብ።»

«የእሱ የእሱ ይሁን፣ የእርስዎም የእርስዎ። እንዳይቀላቀልብኝ። ልጅ አልወለድንም፤ ከእሱ የቀረኝ ይኸው ነው። ምን ያህሉ እሱ እንደ ሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ቃሌ ነው» አሉ አቶ ኢተፋ። ስጦታ እንደሚቀበል ሰው ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ከሞጣ በጭነት መኪና እየመጡ እኔ ቤት ያድሩ ጀመር። የአሠራራቸው ነገር አይረሳኝም። አቶ አየነው የጻፉት ሁሉ በጥቁር ቀለም ነበር። አቶ ኢተፋ ደግሞ በዚያ ወረቀት ላይ የሚጨምሩትን ሁሉ፣ የተዘነጋች ነጥብም ብትሆን፣ በቀይ ቀለም ብቻ ይጽፋሉ። ቀዩ ቢያልቅባቸው፣ ሌላ ቀለም እያላቸው እንኳ፣ እስኪገዛ ድረስ ሥራውን ያቆማሉ። ለምን ቀይ እንደ መረጡ ጠየቅኋቸው።

«የተማሪን ስሕተት በምን ታርማለህ?» አሉኝ።

«በቀይ።»

«እንግዲያው ቀዩን ያየ ሁሉ ‹ይህ ከዋናው አይደለም› ብሎ ያውቃል።»

ጽሑፉ ያልለየላቸው ቦታ ሲያጋጥማቸው ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ይሄዱና፣ «እዚህ ላይ ድምፁን ያነሣ ነበር ወይስ ይጥል?» ብለው ይጠይቃሉ። ወይዘሮ አትጠገብ ኖታ አያነቡም፤ ነገር ግን ባላቸው እያንጎራጎሩ ሲጽፉ ዓመታት ሰምተዋል። «እግሩን ሲታጠብ ይቺን ይላት ነበር» ብለው ቀስ አድርገው ያሰሙአቸዋል። አቶ ኢተፋ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ይሰማሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከአቶ አየነው ጥቁር ጽሑፍ በላይ ባለው ባዶ መስመር ላይ ሌላ አካሄድ በቀይ ይሞክራሉ፤ ሞክረው ይተዉታል። አይፍቁትም። መፋቅ ይጠላሉ።

አስቸጋሪው የእናቲቱ መልስ ነበር። አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ አትጠገብን ፊት ለፊት ጠየቁአቸው።

«ይቅር ትላለች?»

«እሱም አልወሰነም» አሉ። «አንድ ቀን ‹ይቅር ትለዋለች› ይላል። በማግስቱ ደግሞ ‹የለም፣ ይሸከመዋ፤ እስኪመሽ ይሸከመው› ይላል። ከራሱ ጋር ሲጣላ ራቱ ይቀዘቅዝ ነበር።»

«እርስዎ ቢሆኑስ?»

«እኔ ልጅ አልተገደለብኝም፣ አቶ ኢተፋ። ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

በዚያ ሳምንት ምንም ሳይጽፉ ወደ ሞጣ ተመለሱ። በሚቀጥለው ሲመጡ ግን መልሱን ጽፈው፣ ዜማውንም ሠርተው ነበር። ረጅም አልነበረም። እናቲቱ በተደፋው ወጣት ዙሪያ አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ ከዚያ ማጅራቱን እያየች እንዲህ ትላለች፤

አንገትህ ቀጭን ነው፣ የልጄን ይመስላል፤
አውርደው ድንጋዩን፣ እኔን ይከብደኛል።

በቤቴ ቆመው በዚያ በተሰነጠቀ ድምፃቸው አሰሙኝ። ሲጨርሱ፣ «ቀይ ነው» አሉና ወረቀቱን አጠፉት።

የልምምዱ ጊዜ ደረሰ። አቶ ኢተፋ በሳምንቱ ቀናት ሞጣ ስለሚውሉ ሥራውን ተከፋፈልን። ብቻቸውን የሚዘፍኑትን ልጆች እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምራሉ፤ የሽማግሌዎቹን ኅብረ ዝማሬ፣ ከአቶ አየነው ሃርሞኒየም የሚባለውን ባለ ቁልፍ የሙዚቃ መሣሪያ ጥቂት ተምሬ ስለ ነበር፣ በሌሎቹ ቀናት እኔ አስተምራለሁ። ለዚህም ንጹሕ ግልባጭ ያስፈልግ ነበር። በትምህርት ቤታችን ግብረ ገብ የሚያስተምሩት መሪጌታ ጥበቡ እጀ ጽሑፋቸው የታወቀ፣ ስንት የብራና መጽሐፍ የገለበጡ ሰው ነበሩ። ኖታ አያነቡም፤ ግን ያዩትን ምልክት ሁሉ ሳያዛንፉ መሣል ይችላሉ። ወረቀቱን ሰጠናቸው። ግልባጩ ሲመጣ ሁሉም በጥቁር ቀለም፣ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ተስተካክሎ የተጻፈ ነበር። ከሃርሞኒየሙ ላይ አስቀምጬ ልጆቹን ማስተማር ጀመርሁ። ኅብረ ዝማሬው ለጆሮ የሚጥም፣ አራት ድምፅ በአንድነት የሚነሣበትና በአንድነት የሚያርፍበት ነበር። ልጆቹ ወዲያው ያዙት። ርእሰ መምህሩ በመስኮት በኩል እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ሙሉው ልምምድ በተደረገበት ቅዳሜ አቶ ኢተፋ ከፊት፣ ወይዘሮ አትጠገብ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ገዳዩ ተደፋ፤ ሽማግሌዎቹ ልመናቸውን ጀመሩ። የአቶ ኢተፋ አገጭ ከደረታቸው ተነሣ። እሳቸው ሳይናገሩ ግን ከኋላ የወይዘሮ አትጠገብ ድምፅ ተሰማ።

«እነዚህ ሽማግሌዎች መቼ እንዲህ ተስማሙ?»

ልጆቹ አቆሙ።

«አየነው ሲጽፈው እየሣቀ ነበር እኮ» አሉ ወደ ፊት እየመጡ። «አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይገባበታል። ‹ሽማግሌ ሌላውን የሚያስጨርስ የት አገር አየሽ?› ይለኝ ነበር። ይኸኛው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ይመስላል። ይህን የጻፈው እሱ ነው?»

አቶ ኢተፋ ግልባጩን ከሃርሞኒየሙ ላይ አንሥተው አዩት። ከዚያ ዋናውን ከቦርሳቸው አወጡና ጎን ለጎን ያዙአቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«የለም፣ ወይዘሮ አትጠገብ» አሉ። «ይህ የእኔ ነው። ሞክሬ የተውሁት ነው።»

መሪጌታ ጥበቡ ተጠሩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ረጋ ብለው መጡ።

«መሪጌታ፣ እዚህ ገጽ ላይ ጥቁርም ቀይም ነበር። ጥቁሩን ለምን ተዉት?» አሉ አቶ ኢተፋ።

«ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይዘመሩም ብዬ ነዋ። አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።»

«ታዲያ ቀዩን መረጡ?»

መሪጌታ ጥያቄው የገባቸው አይመስሉም ነበር። «ልጄ፣ ቀዩን ጥዬ ጥቁሩን ልጻፍ? በመጽሐፍ በቀይ የሚጻፈው የማን ስም ነው? የጌታ ነው፣ የእመቤታችን ነው፣ የቅዱሱ ነው። ቀይ የሚጣልበት አገር የት አለ?»

«የእኔ ቀይ ስሕተት ማለት ነበር።»

«ስሕተት ከሆነ ለምን በቀይ ጻፉት?»

የሒሳብ መምህሩ ሣቁን መያዝ አልቻለም። አቶ ኢተፋም ሣቁ፤ ግን ቶሎ አቆሙ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መሪጌታ። በየት አገር እንደምጽፍ ማሰብ ነበረብኝ» አሉ። መሪጌታም፣ «ከመጻፍዎ በፊት ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት» ብለው ጋቢያቸውን እንደ ገና አጣፉ። ሌላው ገጽ ሁሉ ሲመረመር ሁለቱ ቀለማት የተደራረቡት በዚያ ኅብረ ዝማሬ ገጾች ላይ ብቻ ስለ ነበር ሌላ ጉዳት አልተገኘም።

ርእሰ መምህሩ ግን እንዳይለወጥ አሉ። በዓሉ ቀርቧል፤ የአውራጃው ገዥ ይገኛሉ፤ ልጆቹ ያወቁት ይኸኛውን ነው።

«ደግሞም ያማረው ይኸኛው ነው» አሉ። «አየነውን ያስመሰግነዋል እንጂ ምን ያደርጋል? የሞተ ሰው አይሰማም።»

«ባለቤቱ ይሰማሉ» አሉ አቶ ኢተፋ።

«ወይዘሮ አትጠገብም ቢሆኑ ለስሙ ክብር የሚበጀውን አይጠሉም።»

ወይዘሮ አትጠገብ እዚያው ቆመው ነበር። አቶ ኢተፋን ተመለከቱ።

«የክብሩን ነገር ለባለቤቱ እንተውላቸው» አሉ አቶ ኢተፋ። «እኔ ቃል የገባሁት ስለ ሌላ ነገር ነው። ጥቁሩን አስተምራለሁ። ልጆቹ ካልደረሱ ኅብረ ዝማሬው ይቀራል፤ የእኔ ግን በእሱ ስም አይዘፈንም።»

ርእሰ መምህሩ፣ «እንግዲህ ቢበላሽ ለገዥው መልሱን እርስዎ ይሰጣሉ» ብለው ወጡ።

አቶ ኢተፋ ከሞጣ ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቀው ብቸና ሰነበቱ። የጥቁሩ አካሄድ ግን ልጆቹን አስቸገራቸው። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው መግባት አለበት፤ እነሱ ደግሞ ይተዛዘናሉ፣ ይጠባበቃሉ። አቶ ኢተፋ አንድ ቀን ወረቀቶቹን ሰበሰቡና ልጆቹን ይዘው ወደ ገበያው ዳር ወረዱ። እዚያ ከዋርካው ሥር ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ተቀምጠው ነበር። ልጆቹን ከሣሩ ላይ አስቀምጠው፣ «ቃሉን አትስሙ። ማን መቼ እንደሚጀምር ብቻ ስሙ» አሉአቸው። አንዱ ሽማግሌ «እኔ የምለው…» ሲል ሌላው «ቆይ አንተ፣ እኔ ልጨርስ» ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም «እግዜር ያሳያችሁ፣ እስቲ ስሙ» እያለ ከላይ ይገባል፤ ባልየው ጭብጦውን እየገመጠ ያያቸዋል። ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ሣቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዘወር ብሎ፣ «እናንተ ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» አለ።

«ትምህርት ላይ ነን፣ አባቴ» አሉ አቶ ኢተፋ።

«ከእኛ ምን ትምህርት ይገኛል?» አለ ሽማግሌው። ሌላው ሳያስጨርሰው፣ «ምን ነካህ፣ ይገኛል እንጂ» አለ። ከዚያ በኋላ ዋርካው ሥር የሰሙትን በልምምድ ላይ ማምጣት ልጆቹን አልቸገራቸውም።

በዓሉ በግንቦት መጨረሻ ተከበረ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ መጋረጃውን ሐጂ ሰይድ ከሞጣ አውሰውናል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ እየተቋረጡ ሲለምኑ ሰዉ ሣቀ፤ ሣቁ ግን ገዳዩ ተደፍቶ እስኪያየው ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ እናቲቱን የምትጫወተው የስምንተኛ ክፍል ልጅ ተነሣች፤ ዞረች፤ ሁለቱን መስመር ዘፈነች፤ ድንጋዩን በእጇ አወረደችው። መጋረጃው ሲዘጋ በአዳራሹ ውስጥ የሚያለቅሱ ሰዎች ነበሩ።

የአውራጃው ገዥ ተነሥተው ንግግር አደረጉ። «አየነው የብቸና ልጅ ነው» አሉ። «ምን ያህል ሰው እንዳጣን ያወቅሁት ዛሬ ነው። ከሁሉም ከሁሉም ያ የእናቲቱ የመጨረሻ ዘፈን! አገር የሚያስታርቅ ዘፈን ነው። አየነው ይህን ብቻ ጽፎ ቢሞት ይበቃው ነበር።»

ጭብጨባው ሲበርድ አቶ ኢተፋ ከሃርሞኒየሙ አጠገብ ተነሥተው ቆሙ። ምን ሊሉ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ኮታቸውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስሁበትም።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «ያ የመጨረሻው ዘፈን የእኔ ነው። የአየነው አይደለም። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹም ገዳዩም፣ የእሱ ነው። ካመሰገኑ በዚያ ያመስግኑት።»

ይህን ያሉት የገቡትን ቃል ለመጠበቅ መሆኑን ሰዉ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ሰዉ ያየው ከሌላ አገር የመጣ፣ ሃይማኖቱም የተለየ መምህር፣ የሙቱ ዓመት ሳይወጣ፣ በገዥው ፊት ምርጡን ዘፈን የእኔ ነው ሲል ነው። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ሙት ይገፈፋል እንዴ?» አለ። ሌላው፣ «ዝም ቢል ምን ነበረበት?» አለ። ርእሰ መምህሩ ወደ መሬት ያዩ ነበር። አቶ ኢተፋ ግን አልተቀመጡም። እጃቸውን አንጠልጥለው ቆሙ።

ወይዘሮ አትጠገብ ከፊተኛው ረድፍ ተነሡ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ባሌን አውቀዋለሁ። በሁለት መስመር ይቅር የሚል ሰው አልነበረም።»

መጀመሪያ ሴቶቹ ሣቁ፤ ከዚያ የአቶ አየነው ጓደኞች፤ በመጨረሻም ገዥው። ጉባኤው በሣቅ ተበተነ። ያም ሆኖ ሁሉም አላመነም፤ ወይዘሮ አትጠገብ እንግዳ እንዳያፍር ብለው ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ያ ወሬ ነው እስከ ዛሬ የዘለቀው።

በበሩ ስንወጣ ወይዘሮ አትጠገብ አቶ ኢተፋን አስቆሟቸው።

«የት ላይ እንደሚያበቃ ሰማሁት» አሉ። «ልጅቷ ስትነሣ። እዚያ ድረስ እሱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልነበረም።»

«አጠፋሁ?»

«የለም። ይኸው ነው የጠየቅሁዎ።» ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ወረቀቶቹን፣ ጥቁሩንም ቀዩንም፣ ይዘዋቸው ነበር።

በማግስቱ እኔ ለፈተና ቁጥጥር ሞጣ ተመድቤ ስለ ነበር ከአቶ ኢተፋ ጋር በአንድ የጭነት መኪና ተሳፈርን፤ ከጤፍ ጆንያዎቹ ላይ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተቀመጥን። ከፊታችን ዶሮ የያዙ አሮጊትና አንድ ወጣት ነበሩ። ወጣቱ በበዓሉ ላይ ተገኝቶ ኖሯል፤ ከከተማው ወጣ እንዳልን ያንኑ የእናቲቱን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረ። አሮጊቷ ደስ አላቸው።

«ምንድን ናት ልጄ?»

«ነፍሱን ይማረውና የመምህር አየነው ናት፣ እማማ።»

አቶ ኢተፋ ቀና አሉ። «እባክዎ ይተዉት» አልሁአቸው ቀስ ብዬ፤ «መንገደኛ ነው።»

«መንገደኛ ስለሆነ ነው እንጂ። ይዟት ይሄዳል» አሉኝና ወደ ወጣቱ ዞሩ። «ይቅርታ ወንድሜ። የአየነው ሌላው ነው። ይህች የእኔ ናት።»

ወጣቱ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። ከዚያ ለታመመ ሰው እንደሚባለው፣ «እሺ ጋሼ፣ ይሁን» አለ። ጆንያው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ተያዩ። አሮጊቷ ግን በቀላሉ የሚለቁ አልነበሩም።

«የእርስዎ ከሆነች እስቲ ይበሏት፣ ጌታዬ» አሉ። «መንገዱ ሩቅ ነው።»

ሣቅ ሆነ። መኪናው ዳገት ይዞ ዝግ ብሎ ነበርና ድምፅ ይሰማል። አቶ ኢተፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ጀመሩ። ድምፃቸው የተሰነጠቀ ቢሆንም ዜማው አልተዛነፈም፤ ሣቁ ቀስ በቀስ ቆመ። «አንገትህ ቀጭን ነው፣ የልጄን» ብለው ድንገት አቆሙ።

«ረሷት» አለ ወጣቱ።

«አልረሳሁም» አሉ አቶ ኢተፋ። «ይህች ‹የልጄን› የምትለዋ ቦታ የአየነው ናት። በመጀመሪያው ክፍል እናቲቱ ልጇን ስትጠራው የሠራት ናት፤ ከዚያ አምጥቼ ነው ያስገባኋት። የቀረው የእኔ ነው።»

ሁሉም ሰሙአቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ካቆሙበት ቀጠሉ።